ዋስትና ነፃ መውጣት አይደለም፣ እስርም ቅጣት አይደለም



ጉለሌ ውስጥ በአንድ መስጂድ የሚሰግዱ ሁለት እናቶች አሉ። የአንደኛዋ ልጅ በጩቤ ተወግቶ ሆስፒታል ተኝቷል። የሁለተኛዋ ልጅ ወጋ ተብሎ ታስሯል። ባለፈው ጁሙዓ ሁለቱም ተራ በተራ መጡ። የታሳሪው እናት «ኡስታዝ፣ ልጄ በዋስ እንዲወጣ ሽማግሌ ላኩልኝ» አሉኝ። የተጎጂው እናት ደግሞ «እሱ ከወጣማ የልጄ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ብለው አለቀሱ።

ሰፈሩም ለሁለት ተከፍሎ ሲሟገት ሰነበተ። ለእኔ ግን የሁለቱም ወገን ስህተት አንድ ነው፦ ዋስትናን እንደ ፍርድ መቁጠር። በዋስ የወጣው ነፃ የተባለ፣ የተከለከለው ደግሞ የተፈረደበት ይመስለናል።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) የታሰረ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው፣ ፍርድ ቤት ሊከለክል የሚችለውም በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 63 ዳኛው ሁለት ነገር እንዲመዝን ያደርጋል፦ ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ያስቀጣል ወይ? የተጎዳው ሰውስ ሊሞት ይችላል ወይ? የሐኪም ማስረጃ በዋስትና ክርክር ላይ ሚዛን የሚደፋው ለዚህ ነው። አንቀጽ 67 ደግሞ ሦስት ስጋቶችን ይጠቅሳል፦ ተጠርጣሪው የዋስትናውን ግዴታ አያከብር ይሆናል፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽም ይሆናል፣ ምስክር ያባብል ወይም ማስረጃ ያጠፋ ይሆናል።

ልብ በሉ፤ የሰፈር ቁጣ ከነዚህ ውስጥ የለም። የቤተሰብ እንባም የለም።

ዲናችንም ለዚህ እንግዳ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድን ሰው በጥርጣሬ ካሰሩት በኋላ እንደለቀቁት ቲርሚዚ ዘግበዋል። በጥርጣሬ መያዝ ለማጣራት እንጂ ለመቅጣት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። በፊቅህ ኪታቦችም ከፋላ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ አንድ ሰው ሌላውን «በተፈለገ ጊዜ አቀርበዋለሁ» ብሎ የሚዋስበት ማለት ነው። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትህ እንዳያወጣን ያስጠነቅቀናል።

እኛ ሙስሊሞች ይህን በራሳችን ላይ አይተነዋል። በ2004 ዓ.ም. የታሰሩት የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትና ሌሎች ወንድሞች በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰው ያለ ዋስትና ቆዩ። ከተከሳሾቹ የተወሰኑት ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ነፃ ተባሉ። ያንን ጊዜ ማን መለሰላቸው? ያኔ ለወንድሞቻችን የጠየቅነውን መብት ዛሬ ለማንወደው ሰው መንፈግ አይገባም።

«ለተጎጂውስ ማን ያስብ?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንቀጽ 67 የእሱም ጋሻ ነው። የዛቻ ስልክ ከተደወለ፣ ምስክር ቤት የሄደ ሰው ካለ፣ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ይነገር፤ ዳኛው ሊመዝነው የሚችለው ፊቱ የቀረበለትን ነው። ዳኞችም የፈቀዱበትን ወይም የከለከሉበትን ምክንያት እናት በሚገባት ቋንቋ በችሎት ይናገሩ። ምክንያቱ ያልተነገረ ውሳኔ ሐሜት ይወልዳል፤ «ገንዘብ ተበልቶ ነው» የሚባለውም ያኔ ነው።

ለታሳሪው እናት እንዲህ አልኳቸው፦ «እናቴ፣ ሽማግሌ ወደ ዳኛ አይላክም። ወደ ተጎጂው ቤትም ክሱን ተዉልን ለማለት ማንንም አልልክም። ልጅዎን በቀጠሮው ቀን የሚያቀርብ፣ ከምስክሮች የሚያርቅ ታማኝ ዋስ ግን ይፈልጉ፤ ዋስትና አማና ነው።» ለተጎጂው እናት ደግሞ «ቢወጣም ክሱ አልተዘጋም፤ የሚያስፈራዎት ነገር ካለ ዛሬውኑ አብረን ሄደን እናስመዘግብ» አልኳቸው።

ሁለቱም ደስ አላላቸውም። በቀጣዩ ጁሙዓ ግን ሁለቱም መጥተው ሰገዱ።

አላህ ለተጎዳው ሺፋውን ይስጠው፣ ለዳኞቻችን ሐቁን ያሳያቸው። አሚን!