«የግንዛቤ እጥረት» ያለበት ማን ነው?

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ደጃዝማችነቱ ቢቀርብኝም ግድ የለኝም፤ ይህን ነገር በሆዴ ይዤ ማደር ግን አልቻልኩም። ስለ አዋሽ ሸለቆ ልጆች ጤና የሚደረግ ስብሰባ፣ አሳይታ ይሁን ሰመራ፣ ዱብቲ ይሁን አዋሽ ሰባት፣ መጨረሻው አንድ ነው። አበል ይፈረማል፣ ምሳ ይበላል፣ ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ዋናው ችግር የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው» ብለው ይዘጉታል። ጭብጨባ!

ልጁ በተቅማጥ ሞተ? የእናቱ ግንዛቤ አንሶ ነው። ወባ አንቀጠቀጠው? አባቱ ግንዛቤ የለውም። ክትባት ሳያገኝ ቀረ? አሁንም ግንዛቤ! እንዲያው ይሄ «ግንዛቤ» የሚሉት ነገር በኩንታል ተጭኖ ቢመጣ የአፋር ልጅ በማግሥቱ ሺህ ዓመት ይኖር ነበር ማለት ነው። ውሃው የት አለ? መድኃኒቱ የት ሄደ? የክትባቱ ማቀዝቀዣ ለምን ቆመ? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ መረጃ የለውም የሚባለው ሕዝብ የትኛው ነው? የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ዝናብ የት ጣለ? ግጦሽ የት አለ? በሽታ የት ገባ? ይጠያየቃል። የሰማውን ሳያዛባ ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታው ነው። ስልክ በሌለበት ዘመን ወሬን ከዳር ዳር ሲያደርስ የኖረን ሕዝብ ነው እንግዲህ ስለ መረጃ የምናስተምረው!

ላይኛው ታጥቦ ታችኛው ይጠጣል

«እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ይላል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል። ጥሩ ምክር ነው፣ አልቃወምም። ግን በምን ውሃ?

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ገና ከመነሻው ሳይርቅ የአዲስ አበባን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የተሸከመው አቃቂ ይቀላቀለዋል። ከ1952 ዓ.ም. ወዲህ ቆቃ ላይ ተገድቧል። የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ይጠጡታል፤ ከማሳው የተረፈውንም መልሰው ይለቁበታል። መተሐራ አጠገብ እያበጠ ከተማዋን ሲያስፈራራ የኖረው የበሰቃ ሐይቅ ጨውና ፍሎራይድ የበዛበት ውሃው በቦይ እየተለቀቀ ተጨምሮበታል። ከዚያ የአሚባራ የጥጥ እርሻ፣ ገዋኔ፣ ዱብቲ፣ በመጨረሻም አሳይታ። ከአሳይታ ወዲያ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። ሌላው ወንዝ ጉዱን ለባሕር አስረክቦ ይገላገላል። አዋሽ ግን ጉዱን እንደያዘ እዚያው አፋር ምድር ላይ ይተኛል።

አሁን ፍርዱን ለአንባቢ ልተው። ላይኛው ፋብሪካውን አጥቦ ይለቃል፣ ታችኛው ልጅ በጀሪካን ቀድቶ ይጠጣል። እና «ንጽህና አታውቅም» የምትባለው የታችኛው ልጅ እናት ናት?

አሳይታ ላይ አንዲት እናት ውሃ አፍልታ እንደምታጠጣ ጠይቄያት ነበር። «ወንድሜ፣ ማፍላቱን አውቃለሁ። ማገዶውን ማን ይለቅምልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአካባቢው የተረፈው ማገዶ አፋሮች «ደርጊ ሀራ» ማለትም የደርግ ዛፍ የሚሉት ያ እሾሃም መጤ ዛፍ ነው። ግጦሹን የበላው እሱ፣ የልጆችን እግር የሚወጋው እሱ። ለልማት ተብሎ ሲተከል ማንም አላማከራትም፤ ሲወጋት ግን የግንዛቤ ትምህርት ተላከላት!

ፍሎራይድን ደግሞ እንደ ትንሽ ነገር የሚያዩ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ወሰን በላይ ናቸው። በወንጂ የስኳር ፋብሪካ መንደሮች እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥተው ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው መበለዙ፣ ለብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞችም አጥንታቸው ደርቆ መጉበጣቸው ከአሥርት ዓመታት በፊት በሐኪሞች ተጽፏል። ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይወፍራል። እናት በሳሙናም በግንዛቤም አታጥበውም። መርምሮ የሚነግራትና ሌላ ውሃ የሚያቀርብላት አካል ያስፈልጋታል።

ስሙ የተደበቀ በሽታ

በ1998 ዓ.ም. አገሪቱን ያጥለቀለቀው በሽታ አፋርንም አልማረም ነበር። የዚያን ጊዜ ባለሥልጣኖቻችን ኮሌራ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ላለማውጣት ማሉ። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» አሉት። በ2008 ዓ.ም. ሲመለስም ስሙ አጥሮ «አተት» ሆኖ ቀረ። ስም በማሳመር በሽታ የሚድን ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት ምን ያደርግልን ነበር?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ኮሌራ ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን አብዛኛው በሽተኛ በአፍ በሚሰጥ ፈሳሽ ብቻ ይተርፋል። ልጇ ያስቀመጠው እናት «ተቅማጥ ነው» ከተባለች ጥርስ እያወጣ ይሆናል ብላ እስከ ነገ ትጠብቃለች። «ኮሌራ ገብቷል» የሚል ዳጉ ከደረሳት ግን ሌሊቱንም ቢሆን ተሸክማው ትወጣለች። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሌሊት ነው። ያ ሌሊት ደግሞ የልጁ ዕድሜ ነው!

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከባሌ የተነሳው ወረርሽኝ ኮሌራ ተብሎ በስሙ ሲጠራ ሰማይ ተደፋ እንዴ? አልተደፋም። ታዲያ በፊት ለማን ሲባል ነው የተደበቀው? ለቱሪስቱ? ለኤክስፖርቱ? መልሱን የደበቁት ያውቁታል።

ትንኟ ከተማ ገባች

ስለ ወባ የተማርነው ረግረግ ማፋሰስን ነበር። አሁን ሌላ ጉድ መጥቷል። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፌንሲ የተባለች ትንኝ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። በ2018 እ.ኤ.አ. በተደረገ ፍተሻ ደግሞ ሰመራ፣ ገዋኔና አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ተገኝታለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝ ተጠያቂ የተደረገችውም እሷ ናት። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ ጀሪካን፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። በበጋም ትራባለች።

አሁን ይህን አስቡት። ቧንቧ በየቀኑ ቢመጣ ሰው በርሜል ሞልቶ ለምን ያስቀምጣል? ውሃ ጠፍቶ ያጠራቅማል፣ ያጠራቀመው ትንኝ ይፈለፍላል፣ ትንኟ ልጁን ትነድፋለች፣ ከዚያ አንድ ባለሙያ በላንድክሩዘር መጥቶ «በርሜላችሁን አልከደናችሁም» ይላል። መክደኑ ልክ ነው፣ ይከደን! ግን ቧንቧውን የዘጋው ማነው? እሱስ ግንዛቤ አያስፈልገውም?

ላሟን ያገኘ ልጁን እንዴት አጣ?

በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያወጣው ቁጥር ይህ ነው። ሁሉንም መሠረታዊ ክትባት ያገኙ ልጆች አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 89፣ አፋር ላይ ከመቶ 15። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት አዲስ አበባ ላይ ከሺህ 39፣ አፋር ላይ ከሺህ 125። ከስምንት ልጅ አንዱ ማለት ነው። አንድ አገር፣ አንድ ባንዲራ፣ አንድ ጤና ሚኒስቴር!

ምክንያቱን ስትጠይቁ «አርብቶ አደሩ ስለሚንቀሳቀስ ልናገኘው አልቻልንም» ይሏችኋል። ይህን መልስ የሚያፈርስ ታሪክ ደግሞ እዚያው አፋር ውስጥ አለ። በክፉ ቀን ዘመን የአገሪቱን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. አፋር ላይ ነው። ከከተማ የሚላከው የክትባት ቡድን ለዓመታት ሞክሮ ያልቻለውን የጨረሱት ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ሙቀት የሚችል ክትባት ተሰጣቸው፣ መንጋው ወደሄደበት ሄዱ፣ ከተቡ። በሽታው ከአፋር ጠፋ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ።

የልጅ ክትባት እንደዚያ ሙቀት አይችልም፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ልዩነቱን አልክድም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር መብራት በጠፋ ቁጥር ክትባቱ ይበላሻል። ግን ይሄ እኮ የማቀዝቀዣ እጥረት እንጂ የግንዛቤ እጥረት አይደለም! የአፋር ፀሐይ የማይጠፋ ነገር ነው፤ በፀሐይ የሚሠራ ማቀዝቀዣም ተፈጥሯል። ዋናው ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። ከብቱ የዳነው ክትባቱ መንጋውን ስለተከተለ፣ ከታቢውም የአገሩ ልጅ ስለሆነ ነው። ላሟን እስከ ግጦሿ የተከተለ መንግሥት ልጁን «አጣሁት» ቢል ማን ያምነዋል?

ለእኛ ለወላጆች

ጣት የምቀስረው ወደ ላይ ብቻ አይደለም። እኛም የምንጠየቅበት አለ። በዚያው ጥናት አፋር ውስጥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 91ዱ ተገርዘዋል። ይህን ማንም ሚኒስትር አላደረገውም፤ በእናት ደጅ፣ በአባት ፈቃድ የሚደረግ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ይከለክለዋል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ደም የሚያፈስ፣ ወሊድን የሚያከብድ ነገር በልጅ ላይ አይደረግም። ምላጩን መጣል ባጀት አይጠይቅም።

ሌላውም በእጃችን ያለ ነገር አለ። ልጅ ሲያስቀምጠው ጡት አይከልከል፣ ፈሳሽም አይከልከል። ኦ አር ኤስ ከጠፋ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፤ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ከደከመ አትጠብቁ። ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። በርሜሉ ይከደን፣ ልጅ አጎበር ውስጥ ይደር። የጥጥ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብም ለውሃም ለወተትም አይሆንም፤ ተበስቶ ይወገድ። አዞ ባለበት ወንዝና በጥልቅ ቦይ ዳር ሕፃን ብቻውን ውሃ ለመቅዳት አይላክ።

ይህን ሁሉ ያደረገች እናት የበኩሏን ጨርሳለች። የቀረው የማን ነው?

ሕጉማ ሞልቷል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። በአንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ጤናና ንጹህ ውሃ ለሁሉም እንዲዳረስ ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ፋብሪካን ይጠይቃል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለውን ሐረግ ባለሥልጣኖቻችን በቃላቸው ይዘውታል፤ አቅሙ ለአበሉና ለነዳጁ ፈቅዶ ለአሳይታ ቧንቧ ለምን እንደማይፈቅድ ግን አይነግሩንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የአዋሽ ውሃ ከአቃቂ እስከ አሳይታ በየጊዜው ይመርመር፣ ውጤቱም በመሳቢያ ውስጥ አይቆለፍ፤ በአማርኛም በአፋርኛም ይነገር። ፍሳሹን ወደ ወንዝ የሚለቅ ፋብሪካ የመንግሥትም ይሁን የግል ይከሰስ። ወረርሽኝ ሲገባ በስሙ ይጠራ። ክትባቱ መንደሩን ይከተል፣ ከታቢውም ከመንደሩ ይመረጥ።

እስከዚያው ድረስ ግን ተሰብሳቢዎች ሆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በሚቀጥለው የሰመራ ስብሰባ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚደረደረው የታሸገ ውሃ ይነሳና ከአሳይታ በጀሪካን የተቀዳ አዋሽ ይቅረብላችሁ። አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጡና ከዚያ የግንዛቤ እጥረት ያለበትን ንገሩን!