ገበሬው ቀን አለው፣ ከፋዩስ?

እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ አጨዳ ወቅት የሱዳን የገዚራ መስኖ እርሻ ገበሬ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠመው። ስንዴው አለ፤ ገዥው አለ፤ ዋጋውም ተቆርጧል፤ ገንዘቡ ግን የለም። መንግሥት ኩንታሉን በ43 ሺህ የሱዳን ፓውንድ እገዛለሁ ብሎ ነበር፤ ምርቱ ሲደርስ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። ከጥቅምት 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ለጋሾች እጃቸውን ሰብስበዋል፤ የዩክሬን ጦርነት ደግሞ የዓለምን የስንዴ ዋጋ ሰቅሎታል። ስንዴዋን በአብዛኛው ከውጭ የምትሸምት አገር የራሷ ገበሬ ያመረተውን መግዣ አጥታ፣ ኩንታሉ በየገበሬው ቤት ተደርድሮ ቀረ።

ይህን ዜና ካርቱም ከሚኖሩ ወዳጆቼ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ገበሬው ብድር ነበር። ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለናፍጣ የተበደረው ገንዘብ መመለሻ ቀን አለው። ያ ቀን መንግሥት ገንዘብ አጣሁ ስላለ አይገፋም። ሱዳን ውስጥ ቀን ማሳለፍ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የ1983ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለዕዳው እስኪከፍል ድረስ እስር ቤት እንዲቆይ ይፈቅዳል። በዋስትና የፈረመው ቼክ ስንቅ አጥቶ ከተመለሰማ ጉዳዩ ወንጀል ይሆናል። በዚህ መንገድ ወህኒ የወረዱ የሱዳን ገበሬዎች ጥቂት አይደሉም።

ካርቱም ዴም ሰፈር፣ አንዲት እህታችን ጀበና በምታፈላበት ቤት፣ ከሐሳሄይሳ አካባቢ የመጣ አንድ ሽማግሌ ውሉን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ይዞር ነበር። «ያ ወለዲ፣ አንብበው» ብሎ ዘረጋልኝ። የእኔ አረብኛ ለገበያ እንጂ ለውል አይበቃምና ባለ ቡናዋ አነበበችልን። ሱዳኖች ሰለም የሚሉት ዓይነት ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰጣል፣ ገበሬው ሲያጭድ በእህል ይከፍላል። የኩንታሉ ብዛት ተጽፏል። የኩንታሉ ዋጋ፣ የሚያስረክብበት መጋዘን፣ የሚያስረክብበት ቀን፣ የዋሶቹ ስም፣ ሁሉም በየመስመሩ አለ። የሽማግሌው ቅሬታ ወረቀቱ ላይ ባልተጻፈው ላይ ነበር። ማመልከቻውን ያስገባው ዝናቡ ሳይጥል ነው፤ ውሉ የተፈረመው ግን የማሽላ መዝሪያው ካለፈ በኋላ ነው። በሸሪዓው ደንብ የሰለም ገንዘብ ውሉ ሲፈረም መከፈል ስላለበት ባንኩ አንድም ቀን አልዘገየም። የዘገየው ፊርማው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ማንም ቀን አልቆረጠለትም።

ሽማግሌው ዘሩን ለማድረስ ከመንደሩ ነጋዴ በሸይል ተበደረ፤ ይኸውም ገና ያልበቀለ እህልን በረከሰ ዋጋ አስቀድሞ መሸጥ ማለት ነው። የባንክ ብድር ሊያጠፋው የታሰበው አራጣ በባንኩ መዘግየት ቀለብ ሲያገኝ ይህ አንዱ ምሳሌ ነው።

የሰለምን ደንብ አጥላልቼ ማለፍ አልፈልግም። ሱዳኖች በውሉ ውስጥ ያስገቡት አንድ አንቀጽ እኛ አገር ኢትዮጵያ ቢመጣ ደስ ይለኛል። በርክክብ ጊዜ የገበያው ዋጋ በውሉ ከተቆረጠው ከሲሶ በላይ ከራቀ፣ የተጎዳው ወገን እንዲካስ ያዛል። ኪሳራን ለሁለት የሚያካፍል ሐሳብ ነው። ችግሩ፣ አንቀጹ እንዲሠራለት የሚሮጠው፣ የሚከራከረውና ደጅ የሚጠናው ገበሬው ራሱ መሆኑ ነው።

ገበሬው ለራሱ ገንዘብ ደጅ መጥናቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የሰናር ግድብ በ1925 ተጠናቆ ገዚራ በመስኖ መልማት ሲጀምር ጥጡ የሚመራው በጋራ ሒሳብ ነበር። ከተጣራው ገቢ 40 በመቶው ለገበሬው፣ የቀረው ለመንግሥትና እርሻውን ለሚመራው የእንግሊዝ ኩባንያ ይደርሳል። መዝገቡ የሚያዘው ግን ከገበሬው ዘንድ አልነበረም። ለክፉ ቀን ተብሎ ከድርሻው እየተቀነሰ የሚቀመጥ መጠባበቂያም ነበረው። በ1946 ገበሬዎቹ የዚህ ገንዘብ ጉዳይ ይለይልን ብለው እርሻውን አቁመው አደሙ። የራሳቸውን ገንዘብ ለመጠየቅ ሥራ ማቆም ነበረባቸው።

በ1956 የካቲት፣ ሱዳን ነፃ በወጣች በሁለተኛው ወር፣ ኮስቲ አጠገብ ጆዳ በምትባል የግል የፓምፕ እርሻ ላይ የሆነው ይብሳል። ገበሬዎቹ ያለፈው ሒሳባችን ሳይከፈለን ጥጡን አናስረክብም አሉ። ፖሊስ ተኮሰ፤ የተያዙትም ኮስቲ ውስጥ ባለ አንድ የጦር ሰፈር ክፍል ታጉረው አደሩ። ሲነጋ ከ190 የሚበልጡት ታፍነው ሞተው ተገኙ። ወንጀላቸው ሒሳብ መጠየቅ ነበር።

የገዚራው የጋራ ሒሳብ በ1981 ቀርቶ እያንዳንዱ ገበሬ በስሙ ሒሳብ ተከፈተለት፤ የ2005ቱ የገዚራ አዋጅም የሚዘራውን ራሱ እንዲመርጥ ፈቀደለት። ነፃነቱ መልካም ነው፤ ከፋዩን በቀን የሚያስር መስመር ግን ያኔም አልተጨመረም። በምሥራቅ በገዳሪፍ በኩል ደግሞ በ1968 የተቋቋመው የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ሰፋፊ መሬት ሲያድል፣ መሬቱም ብድሩም በብዛት የደረሰው ለከተማ ነጋዴና ለባለሥልጣን ነው። በመተማ ተሻግረው በዚያ መሬት ላይ ሰሊጥ የሚያጭዱ የኛ ልጆች፣ ቀን ሠራተኞቹ፣ በየትኛውም የብድር ደንብ ውስጥ ስማቸው የለም።

«ድሃ መንግሥት በሰዓቱ መክፈል ከየት ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ሕንድን እንይ። በ1966 የወጣው የሸንኮራ አገዳ ትእዛዝ ፋብሪካው አገዳውን በተረከበ በ14 ቀን ውስጥ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ካሳለፈ በዓመት 15 በመቶ ወለድ ይጨምራል። ፋብሪካዎቹ ዛሬም ውዝፍ ያጠራቅማሉ፤ ገበሬው ግን ሕጉን ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል። የአውሮፓ ኅብረት የግብርና ድጎማ ደንብም ለገበሬ በቀጥታ የሚሰጠው ገንዘብ ከዲሴምበር 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲከፈል ያዛል፤ ያዘገየ አባል አገር ከብራስልስ የሚተካለት ገንዘብ ይቀነስበታል። ቅጣቱ ያረፈው በቢሮው ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

እኛስ? በእኛ አቆጣጠር በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ገበሬው ከብቱንና ምርቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል፤ የ2016ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324ም የመሬት መጠቀሚያ መብቱን እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ገበሬው ምን እንደሚያስይዝ የሚናገሩ ናቸው። የማዳበሪያ ዕዳ ያልከፈለ ገበሬ በሬው ሲነዳ ያየ ትውልድ ገና በሕይወት አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዋዜማ ግን ማዳበሪያ ያልደረሳቸው የአማራ ክልል ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ሲጮኹ፣ ስለ መዘግየቱ ይህን ያህል ትከፍላላችሁ የሚል አንቀጽ አልነበራቸውም።

ወደ ሱዳን ስንመለስ፣ በጦርነቱ የገዚራ አብዛኛው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2023 ታኅሣሥ ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ከመንግሥት ጦር ጋር በሚዋጋው በፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ቆይቷል። የዋድ መደኒ የዘር ባንክ ሳይቀር ተዘርፏል። ጦሩ ዋድ መደኒን በ2025 ጃንዋሪ፣ ካርቱምን በማርች አስመልሷል። እንግዲህ የመልሶ ማቋቋም ገንዘብ ሲመጣ አዲስ ደንብ መጻፉ አይቀርም። ደንቡን የምትጽፉ የካርቱም ሹሞች፣ የእኛም የግብርና ሚኒስቴርና የብሔራዊ ባንክ ሰዎች፣ ሦስት መስመር ጨምሩበት። ለገበሬው ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥ። መንግሥት ክፍያ ባዘገየ ቁጥር የገበሬው ዕዳ መክፈያ በዚያው ልክ፣ ገበሬው ሳያመለክት ይራዘም። መንግሥት ለገበሬው ያለበትን ሳይከፍል ደግሞ ገበሬውን በዕዳ መክሰስም ማሰርም ይከልከል።