በአምስት ቀን አየርላንድን ለማየት ላሰበ መንገደኛ

በአውሮፓ የሚኖር አንድ ወዳጄ በመጪው ሰኔ አየርላንድን ሊጎበኝ አስቦ ሐሳቡን በወረቀት አስፍሮ ምክሬን ቢጠይቀኝ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ዐሥራ አንድ ሥፍራ ለማየት፣ ከደብሊን ተነሥቶም ደሴቲቱን በኪራይ መኪና ዞሮ ወደዚያው ለመመለስ መወሰኑን አየሁ። ዝርዝሩ በትጋት የተዘጋጀ ነበር፤ ነገር ግን እንዲያ የተጓዘ ሰው የሚያየው መንገዱን እንጂ ሀገሪቱን አይደለም ብዬ ስለማምን፣ ለእርሱ የነገርሁትን ለአንባብያንም ላካፍል ወደድሁ።

ለአጭር ጉዞ አንድ ዓላማ ይበቃዋል። በገዳምና በብራና ትውፊት ያደገ ኢትዮጵያዊም ያን ዓላማ ለመምረጥ ብዙ መድከም አያሻውም፤ የዚያች ደሴት አበው የግብጽ በረሃ መናንያን የነበሩትን የእንጦንስንና የጳውሊን ሕይወት አብነት አድርገው፣ በሐይቅና በወንዝ ዳር፣ ይልቁንም በውቅያኖስ መካከል በቆመ ዐለት ላይ ሳይቀር ገዳም የገደሙ፣ ወንጌልንም በብራና ጽፈው በኅብረ ቀለም ያስጌጡ ነበሩና።

ለደብሊን ሁለት ሌሊት ይበቃል። በመጀመሪያው ጥዋት በ1592 (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወደ ተመሠረተው ትሪኒቲ ኮሌጅ ሄዶ፣ በ800 ገደማ የተጻፈውንና 340 ቅጠል ያለውን፣ መጽሐፈ ኬልስ የተባለውን የአራቱን ወንጌላት ብራና መመልከት ይገባል፤ መግቢያው በሰዓት የተወሰነ ስለሆነ ትኬቱን አስቀድሞ መግዛት ይሻላል። በመስታወቱ ሥር የሚታየው የተገለጠው ገጽ ብቻ በመሆኑ ብዙው ሰው በጥቂት ደቂቃ አይቶ ይወጣል። የእኛ ሰው ግን በብራናዎቻችን ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ የለመደ ዓይን ይዞ ይቀርባልና፣ ያ መነሻውና መድረሻው የማይለይ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ከእኛው ሐረግ ጋር በምን እንደሚመሳሰል፣ በምንስ እንደሚለይ ቆሞ ይመርምር፤ አይቸኩል።

ከዚያ በእግር ጥቂት ተጉዞ በደብሊን ግንብ ቅጥር ግቢ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ቸስተር ቢቲ ቤተ መዘክር ይደርሳል። መግቢያው በነፃ ነው። ይህ ቤት፣ በ1950 ወደ ደብሊን የመጣ አንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ከየሀገሩ የሰበሰባቸውን መጻሕፍት የያዘ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል የኢትዮጵያ የግዕዝ ብራናዎች ይገኙበታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለዕይታ ስለማይቀርቡ፣ ሊያያቸው የሚሻ ሰው ቤቱን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው። የአባቶቻችንን የእጅ ሥራ በሰው ሀገር ተጠብቆ ማግኘት ደስታንና ቁጭትን በአንድነት ያሳድራል፤ እኔ ግን ከዚህ የተነሣ ያን ደጃፍ አልፎ መሄድ ይገባል አልልም።

ወደ ማታ ደግሞ በሊፊ ወንዝ ዳር፣ በቀድሞው የጉምሩክ ቤት አጠገብ፣ በ1997 የቆሙትን የነሐስ ሐውልቶች ይጎብኝ፤ ሰውነታቸው የመነመነ፣ ጥቂት ጓዛቸውን አቅፈው ወደ መርከብ የሚያዘግሙ ሰዎች ናቸው። በ1845 የድንቹን ሰብል በሽታ መትቶት በቀጠሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኀብና በወረርሽኝ አልቋል፤ ከዚያ የማያንስም ተሰዷል። በእነዚያ ዓመታት እንኳ እህል በመርከብ ከሀገሪቱ ይወጣ ነበር። በ1984 የሀገራችንን ረኀብ አይቶ ዘፋኞችን ለርዳታ ያሰባሰበው ቦብ ጌልዶፍ የዚሁ የደብሊን አካባቢ ተወላጅ መሆኑን ለሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ፣ በዚያ ወንዝ ዳር ማለፍ እንደ ቀላል የሽርሽር ሰዓት የሚቆጠር አይደለም።

የሁለተኛውን ቀን ነገር ለመጨረሻ ላቆየውና፣ በሦስተኛው ቀን በባቡር ወደ ምዕራብ መሄድ ነው። በዚያ ሀገር መኪና የሚነዳው በግራ ስለሆነ፣ የገጠሩም መንገድ እጅግ ጠባብ ስለሆነ፣ ላልለመደ ሰው የኪራይ መኪናን አልመክርም። በመንገድ ላይ አትሎን ወርዶ በታክሲ ወደ ክሎንማክኖይስ ቢሄድ፣ ቅዱስ ኪራን በ544 በሻነን ወንዝ ዳር የገደመውን የፈረሰ ገዳም ያያል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት በጎልዌይ ያድራል። ከዚያ ሆኖ የሚጎበኘው የሞኸር ገደል ከባሕር በላይ 214 ሜትር ከፍ ይላል፤ ጉም ከሸፈነው ግን የሚታይ ነገር የለምና፣ ሁለቱ ሌሊት ሰማዩ የጠራበትን ሰዓት ለመምረጥ ያገለግላሉ። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ቀኑ ረጅም ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ከሁሉ በፊት ይህን ይወቅ፦ አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ከሸንገን ማኅበር ውጭ ናትና የሸንገን ቪዛ አያስገባም፤ የራሷን ቪዛ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰሜን አየርላንድም የብሪታንያ ግዛት ነው፤ በድንበሩ ላይ ጠባቂ ባይታይም የብሪታንያ ቪዛ የሌለው ሰው ሊሻገር አይገባውም።

ወደ ሁለተኛው ቀን ልመለስ። ብዙው እንግዳ በዚያ ቀን ከደብሊን በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ግሌንዳሎክ፣ ማለት ወደ ሁለቱ ሐይቆች ሸለቆ፣ በአውቶቡስ ይሄዳል። ቅዱስ ኬቪን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመነነበት ሥፍራ ነው፤ 30 ሜትር ያህል የሚረዝመው ክብ የደወል ግንብ በሩ ከመሬት 3 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ መሠራቱን ያየ ሰው፣ ደብረ ዳሞን በገመድ የሚወጡትን መነኮሳት ሳያስብ አይቀርም። ሥፍራው ያማረ ነው፤ ነገር ግን እርሱንና በስተ ሰሜን ያለውን የሞናስተርቦይስን ገዳም በአንድ ቀን ማየት ስለማይመች፣ እኔ ብሆን ሞናስተርቦይስን እመርጣለሁ። እስከ ድሮሄዳ በባቡር፣ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር በታክሲ ነው። እዚያ 5 ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ባለውና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በቆመው የሙራዳክ መስቀል ላይ፣ የካቲት 2 ቀን በስንክሳራችን ታሪኩ የሚነበበው አባ ጳውሊ ከአባ እንጦንስ ጋር እንጀራ ሲቆርስ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። እንጀራውን ቁራ እንዳመጣላቸው ከልጅነቱ የሰማ ሰው፣ የሥዕሉን ትርጓሜ ከማንም አስጎብኚ አይጠይቅም። ሥፍራው የመግቢያ ክፍያ የለበትም፤ መስቀሉ የቆመውም በመንደር መቃብር መካከል ነው።