ከሆስፒታል ወጥቶ ሥራ እስኪገቡ

በነቀርሳ የታመመ ሰው ዕብጠቱ ተቈርጦ፥ የጨረሩንና የመድኀኒቱን ጊዜ ጨርሶ ከሆስፒታል ሲወጣ ወዳጅ ዘመዱ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ይለዋል። እርሱ ግን ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሸሚዙን መቈለፍ እንኳ ያታክተዋል። ድኗል እንዳይባል አቅም የለውም፤ ታሟል እንዳይባል ሐኪሙ አሰናብቶታል። የጀርመን አገር ሰዎች ለዚህ ለመካከለኛው ጊዜ ያበጁትን ሥርዓት ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላውጋ።

በሽተኛው ከሆስፒታል በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ማገገሚያ ክሊኒክ ገብቶ፥ እዚያው እያደረ፥ ብዙውን ጊዜ 3 ሳምንት ይቈያል። ማገገሚያ ሲባል አልጋና ሾርባ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ቀኑ እንደ ትምህርት ቤት በሰዓት የተከፋፈለ ነው። ጡቷ የተቈረጠ ሴት ክንዷ እንዳያብጥ በእጅ እያሹ ፈሳሹን ያወርዱላታል። ማንቍርቱ የወጣለት ሰው በአዲስ መንገድ መናገርን ይማራል። ጨጓራው የተቈረጠበት ጥቂት ጥቂት እያለ ደጋግሞ መብላትን፥ አንጀቱ በሆዱ በኩል የተከፈተለት ደግሞ ከረጢቱን ራሱ መለወጥን ይለማመዳል። ሌሊት ፍርሃት እንቅልፍ የሚነሣውንም የሚያነጋግር ባለሙያ አለ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የድካሙ ነገር ነው። ነቀርሳና ሕክምናው የሚያመጡት ድካም በእንቅልፍ አይለቅም፤ እንዲያውም ሰውዬው በተኛ ቍጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፥ ድካሙም ይብሳል። ስለዚህ እርምጃውንና ብስክሌቱን እንደ መድኀኒት በልክ ያዝዙለታል። እኛ ዘንድ ቢሆን ጠያቂው ሁሉ «ኧረ ተኛ፥ አትነሣ!» እያለ በፍቅር ያደክመው ነበር።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል? እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን አድምጡ። በሥራ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው የጡረታ መድን ነው። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1957 የጡረታ ሕጓን ስታሻሽል፥ የታመመን ሠራተኛ ወደ ሥራው መመለስ የዚሁ መድን ተግባር እንዲሆን አደረገች። መመሪያቸው «ከጡረታ በፊት ማገገም» የሚል ነው፤ ለአንድ ሰው ዕድሜ ልኩን አበል ከመቍረጥ ጥቂት ሳምንት ማሳከም ይረክሳልና። በሽተኛው ራሱ የሚያዋጣው በቀን ቢበዛ 10 ዩሮ ነው። ሥራ ሲገባም በጥቂት ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ቀን ሊደርስ ይችላል።

ታዲያ ነገሩ በሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ወደ ቢሮ የማይመለሰው ሽማግሌና ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤት በደጅ በቀሩ ነበር። ስለ ነቀርሳ ግን ሕጉ ልዩ በር ከፍቷል፤ ጡረተኛውም፥ የመድኑ አባል ሚስት ወይም ባልም፥ ልጁም በዚሁ መድን ወጪ ይገባሉ። እኔ ከሥርዓቱ ሁሉ የወደድኩት ይህን ክፍል ነው። የታመመው ሕፃን ከሆነ ደግሞ እናትና አባት፥ እኅትና ወንድምም አብረውት ገብተው አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ይቀመጣሉ፤ ልጆቹም ከትምህርታቸው እንዳይቀሩ አስተማሪ አለላቸው።