አዲስ ካርቶን፣ የድሮ ሻጋታ

ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ውዱ ሻጋታው ነው። አንድ ኩባንያ ለተገጣጣሚ ሞዴል ጄት የብረት ሻጋታ ካሠራ ወጪው እስኪመለስለት ያንኑ ሻጋታ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ካርቶኑ ላይ አዲስ ሥዕል ይሣላል፣ ተለጣፊ ምልክቶቹ ይቀየራሉ፣ ዳር ላይ «ተሻሽሎ የቀረበ» ይጻፍበታል። ዋጋው ግን የአዲስ ዋጋ ነው።

ዛሬ ላወራበት የፈለግሁት የአሜሪካኑ ተዋጊ ጄት የኤፍ-5ኢ ሞዴል ነው፤ ልኬቱ 1/32። ኪቲ ሃውክ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. አወጣው። ኩባንያው ሥራ ካቆመ በኋላ ሻጋታዎቹን ዚሚ ሞዴል ተረክቦ በራሱ ስም ወደ ገበያ መመለስ ጀመረ። እውነተኛው አውሮፕላን 14 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሚረዝም ሞዴሉ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ጠረጴዛ ይፈልጋል።

እኛን የሚመለከተን በአንድ ምክንያት ነው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ የኢትዮጵያ አየር ኃይል በጣት የሚቆጠሩ ኤፍ-5ኢዎች ይዞ ነበር የገጠመው። በዚያ ሰማይ ላይ የሶማሊያን ሚግ-21 እና ሚግ-17 አውሮፕላኖች የጣሉት እነዚህ ናቸው። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ከኤፍ-5ኢ አብራሪዎቹ አንዱ ነበሩ፤ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል። ስለዚህ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ይህን ሞዴል ሲገጣጥም አሜሪካዊ አውሮፕላን እየሠራ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው የግምገማው ዋና ጥያቄ የሚመጣው። ኤፍ-5ኢ አንድ ዓይነት አይደለም። የቀድሞዎቹ አፍንጫቸው ክብ ነው፤ በኋላ የተሠሩት ብዙዎቹ ጠፍጠፍ ብሎ ሻርክ የሚመስል አፍንጫ አላቸው። ክንፉ ከገላው ጋር የሚገናኝበት የፊት ቅጥያም እየሰፋ ሄዷል። ኢትዮጵያ የተረከበችው ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስለሆነ የሚያስፈልገን ክቡ አፍንጫ ነው። «የተሻሻለ» ካርቶን ገዝቶ ጠፍጣፋውን ማግኘት፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ምልክት ለጥፎ «የኦጋዴኑ» ማለት ውሸት ነው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት የክፍሎቹን ፎቶ አይቶ አፍንጫውን መፈለግ ያዋጣል።

ሌላው ፍተሻ በጣት የሚደረግ ነው። ሻጋታ ሲያረጅ ፕላስቲኩ በስንጥቁ እያፈተለከ በክፍሎቹ ዳር ስስ ክንፍ መሰል ትርፍ ያስቀራል። የመስታወት ክዳኑን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱት፤ ጭረት ወይም ሞገድ ካለው ቀለም አይሸፍነውም። ከዚያ ሁለቱን የገላ ግማሾች ያለ ሙጫ ግጠሟቸው። መሐላቸው ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቀሪውን ሥራ የሚሠሩት ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት ናቸው። ከባድ አይደለም፤ ግን ክንፉ ላይ የተቀረጹት ቀጫጭን የብሎን መስመሮች አብረው ይፋቃሉ፤ እነሱን መልሶ በመርፌ መቅረጽ ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ክብደቱንም አትርሱ። ሞተሮቹ ከኋላ ስለሆኑ እንዲህ ያሉ ጄቶች አፍንጫቸው ውስጥ ክብደት ካልተከተተ በጅራታቸው ይቀመጣሉ። ውጭ አገር ለዚህ የሚሆን ብረት በፓኬት ይሸጣል፤ እዚህ ጣና ዳር የዓሣ አጥማጆች የመረብ እርሳስ በቂ ነው።

ዋጋው በዶላር ነው፤ ማጓጓዣው አለ፤ ከዚያም ቀረጡ። ለአንድ መምህር ደሞዝ ይከብዳል። ለዚህ ነው በግል ከመግዛት ይልቅ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ለሳይንስ ክበብ አንድ ካርቶን ቢገባ የምመርጠው። የዩኒቨርሲቲው የስቴም ማዕከል ከየትምህርት ቤቱ ልጆች የሚቀበል ነው፤ ከፖሊ ግቢ የመጣ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ደግሞ ሁለቱ ጄ85 ሞተሮች በገላው ውስጥ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚገቡ ለልጆቹ ሊያስረዳ ይችላል። በትንሹ ልኬት 1/72 ሞተሩ አውራ ጣት ያህል እንኳ አይሆንም፤ በ1/32 ግን የአየር መግቢያውን፣ ሞተሩን፣ ጭስ ማውጫውን በጣት እየተከተሉ ማሳየት ይቻላል። የትልቁ ልኬት ጥቅም ለእኔ ይኸው ነው፤ ጌጥነቱ ብዙም አያጓጓኝም።

በቅርብ ዓመታት በዚህች ከተማ የጄት ድምፅ ሲሰማ ጨዋታ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ አይደለም። የጦር አውሮፕላን ለልጅ ማስያዝ ተገቢ ነው ወይ የሚል ወላጅ ካለ ጥያቄው ገብቶኛል፤ ልጁ ክፍሎቹን በስም እየጠራ ሲገጥም ደግሞ ፍርሃቱ ይቀንሳል ባይ ነኝ። ወላጁ ካልተስማማ ሲቪል አውሮፕላን ይግዛለት፤ ያም ሞተር አለው።

ብይኔ ይህ ነው። የ2018ቱ ካርቶን እጁ ያለ ሰው አዲሱን መግዛት አያስፈልገውም፤ ገንዘቡን ለጥሩ ቀለምና ለመርጫ ያውለው። ከሌለው ክቡ አፍንጫ መኖሩን አረጋግጦ ይግዛ። የኢትዮጵያ ምልክት በካርቶኑ ውስጥ ካልመጣ ወፍራም ወረቀት ላይ ክቡን በኮምፓስ ቆርጦ በስፖንጅ ቀለሙን መምታት ይቻላል፤ ሦስቱን ቀለማት በየተራ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ እየጠበቀ።