የትናንቱ ዳቦ አልሞተም!

ማይክሮዌቭ የከተሜነት ሰርተፍኬት ይመስል ቤት የተከራየ ሁሉ ቀድሞ የሚመኘው እሱን ነው። ከዚያ የትናንቱን ዳቦ ይከተዋል። ሲወጣ ላስቲክ፣ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ! መጨረሻው ቆሻሻ ቅርጫት።

ጥፋቱ ግን የዳቦው አይደለም። ዳቦ የሚጠነክረው ስለደረቀ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለው ስታርች ስለሚጠጥር ጭምር ነው። ፍሪጅ ይህንን ያፋጥነዋል፤ ሙቀት ደግሞ መልሶ ያላላዋል። ጥያቄው የትኛው ሙቀት የሚለው ነው።

ማይክሮዌቭ በዋናነት የሚያሞቀው ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቅርፊት ቡናማ የሚሆነው ግን 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ማይክሮዌቭ ይቀቅላል እንጂ አይጠብስም! ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ የኤሌክትሪክ ኦቨን ግን በጋለ ሽቦዋ ትጠብሳለች። ዳቦው ላይ ውሃ ረጨት አድርጋችሁ በ180 ዲግሪ አምስት ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ላዩ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ይለሰልሳል። ሳምቡሳና ፒዛም እንደዚያው።

«መብራት ትበላለች» ትሉኝ ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ሲስብ ዝም ያላችሁ፣ እሷ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 1,500 ብትስብ ምነው? ወጥና ሾርባ ለማሞቅ ማይክሮዌቭ ይሁንላችሁ፤ አልከራከርም። የሻገተ ዳቦም ይጣል።

ደህናውን ዳቦ መጣል ግን፣ ዋጋው እየጨመረ መጠኑ እያነሰ ባለበት ዘመን፣ ነውር ነው። እናቶቻችን የተረፈ እንጀራ አድርቀው ድርቆሽ ያደርጉ የለ? እኛስ ዳቦ ማሞቅ ያቅተን?