የአምባዛ ዘርና የሰዓት ሒሳብ

ከጣና እስከ ጫሞ በሐይቆቻችን የሚኖረው አምባዛ፣ ለርቢ የተመቸ ብርቱ ዓሣ ቢሆንም፣ የወንዱ ዘር እንደ ሌሎች ብዙ ዓሦች ሆዱን በማሸት የማይወጣ በመሆኑ፣ ጫጩት ለማፍላት የሚሻ ሰው ወትሮ ወንዱን ገድሎ የዘር ፍሬውን ማውጣት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ በነፍስ ዋጋ የተገኘው ዘር በቸልታ ሲባክን፣ ጥፋቱ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ዕዳ ነው።

የዚህ የዘር ሕዋስ ባሕርይ ምሥጢር አለው፤ በአባቱ አካል ሳለ ጸጥ ብሎ ይቈያል፣ ውሃ በነካው ቅጽበት ግን ነቅቶ ኃይሉን ሁሉ በአንድ ሁለት ደቂቃ ጨርሶ ይደክማል፤ ስለዚህ እንቁላል ሳይቀርብለት የውሃ ጠብታ ያገኘው ዘር፣ ሙሽራ ሳይደርስ ድግሱ ያለቀበትን ቤት ይመስላል። ውሃ ባይነካውም እንኳ ጊዜ አይምረውም፤ በዕረፍቱ ሳለም ስንቁ ቀስ በቀስ ይመነምናል፣ ለሕይወቱ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ራሱ ጎጂ ውላጅ እያፈራ የሽፋኑን ስብ ያበላሻል፣ ባክቴሪያም ይራባበታል። የፈሳሹ መልክ ግን ብዙም ስለማይለወጥ፣ ዓይን ይታለላል።

እንስቲቱ ሆርሞን ከተወጋች በኋላ እንቁላሏ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት ቈይታ በኋላ ስለሆነ፣ ዘሩን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማቈየት ነውር የለበትም፤ ነውሩ ያለ ሥርዓት ማቈየቱ ነው። ዕቃው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ዘሩ እንደ ተራ ውሃ በማያነቃው፣ በሊትር 9 ግራም ጨው ባለበት ውሃ ተበርዞ፣ ሳይረጋ በ4 ዲግሪ ገደማ ይቀመጥ፤ አንድ ቀንም ሳይሞላው ይዋል፤ ከእንቁላሉ ጋር ከመደባለቁ በፊትም ጠብታው በማይክሮስኮፕ ይመርመር።

አንዳንዶች የዘሩ መበላሸት መድኃኒቱ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው ይላሉ። በእውነቱ ብላክስተር የተባለው ሊቅ በ1953 እ.ኤ.አ. የሄሪንግ ዓሣን ዘር አቀዝቅዞ፣ በጸደይና በመጸው የሚራቡትን ወገኖች ለማዳቀል መቻሉ ታላቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ቅዝቃዜ የተበላሸውን አያድስም፤ ደክሞ የገባ ደክሞ ይወጣል። ስለሆነም የማፍሊያ ጣቢያ ኃላፊዎች ውዱን መሣሪያ ከመመኘታቸው አስቀድሞ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዘሩ የወጣበትን ሰዓት ያስጽፉ፤ ሰዓቱ ያልተጻፈበትም ወደ እንቁላል አይቅረብ።